ጠርተው ይመልሱኛል

በትምህርት ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከርዕሰ መምህሩ እስከ ጥበቃው፣ «ሂያጁ» ነው የሚለው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ውጭ አገር ሄጄ አስተምራለሁ ማለት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ርቆ የሄደበት ቦታ ቢኖር ከድልድዩ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ነው፤ እሱም ዋጋ ቀነሰ ሲባል ሰምቶ ነው።

ሥራ አጥቶ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ሥራ ያጣ ሰውማ ያሳዝናል። ይሄ ሰውዬ ግን ሥራው ይመጣለታል! ድምፁ ያምራል፣ በቪዲዮ ሲያዩት ቁም ነገረኛ ይመስላል፣ ማመልከቻ መጻፍ ደግሞ ተክኖበታል። በየዓመቱ ከአንዱ አገር አንዱ ትምህርት ቤት «ና አስተምርልን» ብሎ ይጽፍለታል። እሱም ደብዳቤውን አሳትሞ፣ ፕላስቲክ አስለብሶ፣ በብብቱ ሸጉጦ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይገባል። ሻይ የያዘው ሻዩን ያስቀምጣል፣ ደብተር የሚያርመው ቀና ይላል፣ ሂያጁም ጉሮሮውን ጠርጎ ከላይ እስከ ታች ያነብላቸዋል። ከዚያ ወር ያልፋል፣ ሁለት ወር ያልፋል፣ ሂያጁ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምነው ቀረህ ሲሉት «አልተስማማንም» ይላል፣ መርከብ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሀብታም ይመስል።

ሂያጅ መሆን ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ይጠቅማል እንጂ! የሚሄድ ሰው የክፍል ኃላፊ አይደረግም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጥሎ ቢሄድ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ ተብሎ ይፈራል። የሚሄድ ሰው ከሰዓት በኋላ ፈረቃ አይመደብም። የሚሄድ ሰው የፈተና ወረቀት አያርምም፤ ሳይጨርስ ይሄዳላ! የሱን ክፍል ወረቀት ሌላዋ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት ደርባ የምታርመው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ እግሯ አብጦ ወንበር ላይ ሰቅላው፣ የሱን ልጆች ድርሰት ስታርም ሂያጁ አጠገቧ ቆሞ በውጭ አገር የወሊድ ፈቃድ ስንት ወር እንደሆነ ያስረዳት ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ባልደረቦቹ ደግ ነበሩ። አዋጥተው የእጅ ሰዓት ገዙለት፣ ንግግር አድርገው፣ ፎቶ ተነስተው ሸኙት። ትምህርት ሲከፈት ሰዓቱን አስሮ ተመልሶ መጣ። አላፈረም። በሁለተኛው ዓመት ሸሚዝ ሰጡት፤ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ነቃ። ደብዳቤውን ሲያነብ «መልካም መንገድ» ብለው ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ያነባል።

ትምህርት ቤቱስ ቢያንስ ይስቅበታል። ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አይስቅም። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ቁም ሳጥን የለም፣ ልብስ የሚቀመጠው በካርቶን ነው፤ ለምን ሲባል «ስለምንሄድ»። የጓዳው መስኮት ከተሰበረ አራት ዓመት ሆነው፣ መስታወት ይግባለት ሲባል «ስለምንሄድ»። ልጃቸው ስምንት ዓመት ሞልቷት መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ትተኛለች፤ ለምንሄድ ሰዎች አልጋ ምን ያደርጋል! አንድ ቀን ልጅቷ ግድግዳው ላይ ሥዕል ልትለጥፍ ሚስማር ስትጠይቀው «የሰው ቤት አታበላሺ» አላት። ከተወለደች ጀምሮ የኖረችበትን ቤት ነው የሰው ቤት ያላት።

ሚስቱ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋን ታውቃለች፣ ማወቅ ብቻም አይደለም፣ ትወደዋለች። የትኛውንም ሐኪም እጅ ጽሑፍ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ሁሉ፣ ሳትደናቀፍ ታነባለች። ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎች የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ትስልላቸዋለች፤ ፀሐይ ያለበት ጠዋት፣ ጨረቃ ያለበት ማታ። «ያቺ ፀሐይ የምትስለዋ የለችም?» እያሉ ተራቸውን ለሰው ለቀው የሚጠብቋት አሮጊቶች አሉ። እንዲህ ያለች ሴት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ኮንትራት ማለት ስትታመሚ ደሞዝሽም አብሮሽ ይታመማል ማለት ነው። ልጇን በወለደች በአርባ ቀኗ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት የተመለሰችው ቤት መቀመጥ አስጠልቷት አልነበረም።

ቋሚ መሆን ትችል ነበር። በየዓመቱ ኃላፊዋ ይጠይቋታል። ቋሚ የሚሆን ሰው ግን ሦስት ዓመት አልለቅም ብሎ ይፈርማል። እና በየዓመቱ፣ ልክ እንደ ጸሎት፣ አንድ ዓይነት መልስ ትሰጣቸዋለች፦ «እሱን ልጠይቀውና እነግርዎታለሁ፣ እትዬ።» ትጠይቀዋለች። «አብደሻል? እኛ እኮ ሂያጆች ነን!» ይላታል። ተመልሳ ትነግራቸዋለች። እውነቱን ለመናገር እሷንም ታዝቤያታለሁ። የሰው ሁሉ መድኃኒት እየለየች የምትሰጥ ሴት የራሷን መልስ ከባሏ ኪስ ስትፈልግ ስታዩ ምን ትላላችሁ? እሷ ግን ባሏን ታምነው ነበር። ሥራው በየዓመቱ የሚቀረው ከዚያ ወገን ባለ ችግር፣ በቪዛ፣ በበጀት፣ ብቻ በሆነ ነገር ይመስላት ነበር።

ዘንድሮ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ መጣለት። ምነው ባልመጣለት!

አንደኛው ከውቅያኖስ ዳር፣ ሞቃት ከሆነ ትልቅ ከተማ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው። ደሞዙ ወፍራም ነው፣ መኖሪያው ከአንድ ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ግን መጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መምህሩ ብቻውን ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ከተራራ ላይ ካለች ብርዳም ትንሽ ከተማ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ደሞዙ ቀጠን ይላል፣ ግን ሚስትና ልጅ አብረው ይሄዳሉ፤ ሚስትም የመሥራት ፈቃድ ታገኛለች፣ ልጅም ትምህርት ቤት ትገባለች። ሁለቱም መልሱን እስከ ሐሙስ ይፈልጋሉ። እናንተ ብትሆኑ ከእራት በፊት ትጨርሱት ነበር። እሱ ግን ከትምህርት ቤቱ ፍሊፕ ቻርት አንድ ትልቅ ወረቀት ቀዶ አመጣና ግድግዳው ላይ ለጠፈ። (የሰው ቤት አይበላሽም እንግዲህ!) በቀይ ማርከር ሠንጠረዥ አሰመረ፦ ደሞዝ፣ አየር ፀባይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ክብር።

«ክብር ምንድነው?» አለች ሚስቱ።

«እንዴት እንደጻፉልኝ ነዋ! እይ፣ የተራራዎቹ ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው። ለኔ ሦስት መስመር? ከአሥር ሁለት ሰጥቻቸዋለሁ።»

«የባሕሮቹስ?»

«እነሱ ደግሞ ሌላ የናሙና ትምህርት ቀርጸህ ላክ ይሉኛል። አንዴ ልኬላቸዋለሁ፣ ስንቴ ነው የሚፈትኑኝ? አራት።»

ሠንጠረዡን ኮፒ አድርጎ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይዞት ሄደ። ያንን ሳምንት እዚያ ክፍል ውስጥ ሻይ መጠጣት ቅጣት ነበር። የስፖርት መምህሩ ለመገላገል ያህል «ባሕሩ ይሻላል፣ ትዋኛለህ» አለው። «መዋኘት አልችልም» ብሎ የእርጥበት አየር ለሳንባ ምን እንደሚያደርግ ግማሽ ሰዓት አስረዳው። ነፍሰ ጡር ሳለች ወረቀቱን ስታርምለት የነበረችው መምህርት «ከነቤተሰብህ የምትሄድበትን ውሰድ» አለችው። ፈገግ አለና፣ ይቅር እንዳላት ሁሉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ሰኞ ዕለት ደግሞ የመድኃኒት ቤቷ ኃላፊ ሚስቱን ከመደርደሪያው ኋላ ጠሯት። መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ፤ መነጽራቸውን ካወለቁ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ስሚኝ የኔ እህት። ዘንድሮ አንድ ቋሚ ቦታ ተለቆልኛል፣ ያንቺ ነው። ኮንትራት የሚባል ነገር ግን ከዚህ ወር በኋላ ቀርቷል፣ ላድስልሽ ብልም አልችልም። ወይ ቋሚ ትሆኛለሽ ወይ ትወጫለሽ። እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት መልስሽን ስጪኝ። ያቺ አዲሷ ልጅ ደግሞ ቦታው ላይ ዓይኗን ጥላለች።»

«እሱን ልጠይቀውና...»

«ጠይቂው» አሉና መነጽራቸውን አጠለቁ።

ጠየቀችው። ማክሰኞ ጠየቀችው፣ ሸሚዙን እየተኮሰችለት። «እኔ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ። ካልፈረምኩ ሥራዬ ያበቃል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ንገረኝ። የተራራዋን ከመረጥክ እሰየው፣ አብረን እንሄዳለን። የባሕሩን ከመረጥክ ሁለት ዓመት እኔና ልጄ የምንበላው እንዲኖረን እፈርማለሁ። ብቻ ንገረኝ።»

«አንቺ ዋጋ አታውቂም» አላት። «የመጀመሪያ ዋጋ የሚቀበል ሰው ሞኝ ነው።»

ከዚያ የጃኬቱን ታሪክ ጀመረ። ወይ ጣጣ! በዚያ ሰፈር የጃኬቱን ታሪክ ያልሰማ ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። ከሠርጉ በፊት ገበያ ሄዶ የቆዳ ጃኬት ያያል። ነጋዴው ዋጋ ይጠራል። እሱ ይስቃል፣ ዞር ይላል፣ ይሄዳል። «ስድስት እርምጃ! ስድስት እርምጃ ሳልሄድ ና፣ ና፣ ውሰድ ብሎ ጮኸ!» የሚዘልለው ነገር ቢኖር ጃኬቱ በሁለተኛው ክረምት ተልጦ ቆዳ አለመሆኑ መታወቁን ነው። ሚስቱ የሸሚዙን ኮሌታ ተኩሳ ጨርሳ እጅጌው ላይ ስትደርስ ታሪኩ አለቀ። መልስ ግን አልሰጣትም።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ፊቱ ፈክቶ ቤት ገባ። ምን ተገኘ ስትለው «ነገር እያስተካከልኩ ነው፣ ላንቺም ጭምር» አላት። ሐሙስ ደግሞ ኮምፒውተር ቤት ቆይቶ መጣና ሠንጠረዡን አንድ በአንድ እየጠቆመ ለልጅቷ በእንግሊዝኛ አስረዳት። ልጅቷ እንቅልፏ መጥቶ ነበር፤ «የስ፣ ዳዲ» እያለች ታዛጋለች። ሚስቱ ነገ ዓርብ ነው፣ ነገ መናገሩ አይቀርም ብላ ልጅቷን ፍራሿ ላይ አስተኛቻት።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦውን ቆርሶ ሻዩ ውስጥ እየነከረ፣ ሰው ሹመቱን እንደሚናገር ሁሉ፣ «ጨርሻለሁ» አለ።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም እምቢ ብያለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ምን?»

«አትደንግጪ እንጂ! ለተራራዎቹ የባሕሮቹ ከእናንተ የተሻለ ሰጥተውኛል፣ ስለዚህ አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። ለባሕሮቹ ደግሞ የተራራዎቹ ሳይፈትኑኝ ይፈልጉኛል፣ ስለዚህ ይቅርባችሁ ብዬ ጻፍኩ። አሁን ምን ይሆናል? ሁለቱም ይደነግጣሉ። ጠርተው ይመልሱኛል። በእጥፍ!»

«መለሱልህ?»

«የተራራዎቹ ወዲያው መለሱ» አለና ስልኩን አሳያት። ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን፣ መልካም ዕድል እንመኝልዎታለን የሚል አንድ መስመር ነበር። «አየሽ? አመስግነውኛል። በሩን አልዘጉትም።»

ሚስቱ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷ እንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለችም፤ የመድኃኒት ወረቀት የምታነብ ሴት ናት። ግን በሩ መዘጋቱን ለማወቅ ይሄን ያህል መማር አያስፈልግም።

«ያምናውስ?» አለችው ቀስ ብላ። «አምና በበጀት ምክንያት ቀረ ያልከኝስ?»

«በበጀት ምክንያት ነዋ። ጨምሩ አልኳቸው፣ በጀት የለንም አሉ፣ ዞር አልኩ።»

«ካቻምናስ? ያ ድሮ፣ ልጄ ልትወለድ ስትል የመጣውስ?»

«እንደዚሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እምቢ የምትለው አንተ ነህ?»

«እምቢ አላልኩም!» ተቆጣ። «ዞር አልኩ እንጂ! መደራደር ነው ይሄ፣ አንቺ አይገባሽም። አንዳንዱ መጥራቱ ይዘገያል። አንቺም ዛሬ ሄደሽ ለመፈረም አትቸኩዪ፣ ሰው ቸኩሎ ሲያዩት ይንቁታል።»

ከዚህ በፊት ተናዳበት ታውቃለች። አልቅሳበት ታውቃለች። አንድ ሰሞን እናቷ ቤት ሄዳ አድራለች። ንቃው ግን አታውቅም ነበር። አሁን አገጩ ላይ የሻይ ጠብታ ተንጠልጥላ፣ ዳቦ እያላመጠ፣ በውቅያኖስ ማዶ ያሉ ሰዎች ደንግጠው እንደሚፈልጉት እያሰበ ሲስቅ አየችውና ናቀችው። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ይሆናል ብላ አታውቅም። ይሄ ሰው ሥራ አይደለም ሲመርጥ የኖረው። ምረጥ መባሉን ነው የወደደው። መርጦ ቢሄድማ እዚያ ደርሶ እንደ ማንም ሰው ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ማስተማር ሊመጣ ነው! ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ የምትለውን እየደጋገመች ሄደች። እፈርማለሁ፣ እትዬ። እፈርማለሁ። አንድ የሚያውቃት ሽማግሌ በመንገድ ሰላም ሲላት እንኳ አልሰማችውም። ኃላፊዋ የሚቀመጡበት ጥግ ስትደርስ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ምሳ ሰዓት የት ይደረስበታል።

«እፈርማለሁ፣ እትዬ» አለች፣ ደህና አደሩ እንኳ ሳትል።

ኃላፊዋ ቀና ብለው አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምኑን?»

«ቋሚውን ነዋ! ዛሬ ዓርብ ነው።»

«ቦታው እኮ ትናንት ተሰጠ።» በእጃቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። አዲሷ ልጅ የመስኮቱን ወንበር ይዛ ፖስታ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ሁለቱ ሲያወሩ ስትሰማ ጽሑፉ ላይ ይበልጥ አቀረቀረች። «ባልሽ ረቡዕ፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ መጥቶ አትፈልገውም ብሎኛል።»

«ባሌ? እዚህ መጥቶ?»

«መጥቶ ነዋ። እዚህ ቆሞ፣ ሚስቴን በዚህ ደሞዝ አታገኟትም፣ ብዙ ቦታ ነው የሚፈልጓት፣ ያስቡበት አለኝ። እኔ ደሞዝ የምወስን መሰልኩት እንዴ? ከዚያ ዞር ብሎ ሄደ። አካሄዱ ቀስ፣ ቀስ ነው፤ እግሩን ያመመው መስሎኝ አሳዝኖኝ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ዞሮ አየኝ። ደህና ይዋሉ አልኩት።»

ለራሷም እስኪገርማት ድረስ ሳቅ መጣባት፤ ቶሎ ዋጠችው፤ ከዋጠችው በኋላ እንባ ሆነ። «እኔ መች እምቢ አልኩ? እኔን ለምን አልጠየቁኝም? እስከ ዓርብ አላሉኝም?»

ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ደክሟቸዋል። «ዘጠኝ ዓመት ጠየቅኩሽ እኮ፣ የኔ እህት» አሏት። «ዘጠኙንም ዓመት ይዘሽልኝ የመጣሽው የሱን መልስ ነው። ረቡዕ ደግሞ እሱ ራሱ ይዞት መጣ። ምን ለየው? ያንቺ መልስ ምን እንደሚመስል አይቼው አላውቅም፣ በምን ልለየው?»

ይሄ ቃል ነው የመታት። ወደ መስኮቱ አየች። አንዲት አሮጊት ማዘዣዋን አጣጥፋ ይዛ፣ አዲሷን ልጅ አልፋ እሷን በዓይኗ ትጠራት ነበር። ሄዳ የምታገለግልበት ቦታ እንደሌላት ያን ጊዜ ገባት።

ኃላፊዋ ከወረቀታቸው ክምር ሥር አንድ ወረቀት ጎትተው አወጡ። ጠርዙ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ነበረበት።

«ይሄ ማንም የማይፈልገው ነው። የአውቶቡሱ መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው ከተማ፣ አንድ ሰው ብቻ ያለበት መድኃኒት ቤት። ቋሚ ነው። ከኋላው ሁለት ክፍል ቤት አለው። አምስት ወር ሙሉ ሰው ላኩልን ይላሉ፣ የምጠይቀው ሁሉ ይስቅብኛል። መኪና ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን አሁን፣ እዚህ ቆመሽ ነው የምትነግሪኝ። ነገ ብትዪኝ አልሰማሽም።»

«እሱን...» አለች። ምላስ ልማድ አለው፤ ዘጠኝ ዓመት የተናገረውን በአንድ ጠዋት አይተውም። ኃላፊዋ ቅንድባቸውን አነሱ። ሚስቱ አፏን ዘጋች፣ እንደገና ከፈተችው። «ትምህርት ቤት አለ?»

«አለ። አንድ ነው፣ ግን አለ።»

«ውሃስ?»

«በፈረቃ።»

«ይስጡኝ» አለች። እስክሪብቶውን ተቀበለች፣ ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰለ። ግን ፈረመች።

ቤት ስትመለስ ሂያጁ ከትምህርት ቤት ገብቷል፤ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የለበትማ! ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጦ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ልጅቷ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«አልደወሉም ገና» አላት። «ሰዓቱ አይገጥምም፣ እዚያ ገና እየነጋ ነው። ፈረምኩ እንዳትዪኝ ብቻ።»

«ፈርሜያለሁ። ሌላ ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ልጄን ይዤ።» የከተማዋን ስም ነገረችው።

ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን አቆመ። ተቆጣ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልተቆጣም፤ እጁን እያፋተገ ወንበሩን ወደሷ አቀረበ። «እዚያ? ለዚያ ቦታ? አንቺ ሴት፣ ማንም እኮ አይሄድበትም! እጃቸውን ጠምዝዘሽ የምትፈልጊውን ማስጨመር የምትችዪበት ቦታ ነበር! ገና አልመሸም። አሁኑኑ ሂጂና ወረቀቱን መልሺላቸው። ሐሳቤን ቀየርኩ በያቸው። ከዚያ ቀስ ብለሽ ውጪ...»

«እንደ ረቡዕህ?» አለችው።

እጁን ማፋተጉን አቆመ። «ነገሩሽ እንዴ? እሱማ... ላንቺው ብዬ ነው። ሊጠሩሽ ነው እኮ። ጥቂት ብትታገሺ...»

«ቦታውን ለአዲሷ ሠራተኛ ሰጡ። ሐሙስ።»

ዞሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አየ፣ ምን የሚያደርግለት ነገር እንዳለው እንጃ። ከዚያ ስልኩን አየ። ከዚያ እሷን፣ ከእግር እስከ ራሷ፣ ከዚህ በፊት አይቷት እንደማያውቅ ሁሉ። ተቀይሞ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ቅያሜ የእውነት ነበር፣ ይሄ ነው ጉዱ።

«እኔን ሳትጠይቂኝ?» አለ።

«ሳልጠይቅህ» አለችና የልጅቷን ጫማዎች መሰብሰብ ጀመረች።